ሟች የሌለበት ለቅሶ

ልጄ ፀጉሯን ቀለም ለመቀባት ፈቃድ የጠየቀችው በሥርዓት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ በቀየት ከተማ የተወራው ሌላ ስለሆነ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። በደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምራለች፣ ጾም አታፈርስም፣ ሽማግሌ ሲገባ ብድግ ትላለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ፀጉሯን ወይን ጠጅ ቀለም መቀባት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ጓደኞቿ ደብረ ብርሃን ሄደው ተቀብተዋል፤ እሷ ግን እኛ ሳንፈቅድ እንደማትነካው አስረዳችኝ።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ትንንሽ ልጆች ቀኑን ሙሉ ሲጠይቁኝ እውላለሁ፤ የማላውቀውንም ቢሆን የማውቅ መስዬ እመልሳለሁ። ለዚህች ጥያቄ ግን መልስ አጣሁ። እምቢ እንዳልላት ምክንያቱን ትጠይቀኛለች፤ ምክንያት ደግሞ የለኝም። እሺ እንዳልላት ባለቤቴ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ አባል ነው፤ የምንኖረውም የጎረቤት ዶሮ ስንት እንቁላል እንደጣለች በሚታወቅበት ከተማ ነው። "አባትሽን ጠይቂ" አልኳትና ወደ እርማቴ ተመለስኩ።

አባቷ በግ ነጋዴ ነው። በየገበያው ዞሮ የሚገዛቸው በጎች ከሌላ ሰው በግ ጋር እንዳይቀላቀሉበት ጀርባቸውን ቀይ ቀለም ይቀባቸዋል፤ ያ ቀለም ከጣቱ ለቆ አያውቅም። ጥያቄዋን ሰምቶ ጺሙን አሻሸና፣ ይህ የነፍስ ጉዳይ ስለሆነ የንስሐ አባታችንን ትጠይቅ አለ። የንስሐ አባታችን ወር በገባ ቁጥር ቤታችንን ጠበል ሊረጩ ይመጣሉ። መስቀላቸውን ተሳልማ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ደግሞ በአባቷና በእናቷ ቤት ያለች ልጅ ስለ ፀጉሯ ወላጆቿን እንጂ ቄስ እንደማትጠይቅ ነግረው መለሷት። ልጄ ጥያቄዋን ይዛ ዞራ ወደ እኔ መጣች። እኔም "እስቲ ይቆይ" አልኳት። "እስቲ ይቆይ" በእኛ ቤት እሺም እምቢም ለማለት ድፍረት ያጣ ሰው የሚናገራት ቃል ናት።

ቁርጥ ያለ መልስ የሰጧት አማቴ ብቻ ናቸው። አማቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። አንገታቸው ላይ እንደ ድሪ የተደረደረ ንቅሳት አለ፤ ግንባራቸው ላይ መስቀል፤ ድዳቸውም የተነቀሰ ነው። ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ቤት ውስጥ የሚባለውን ሁሉ ይሰማሉ።

"እኔን ድዴን በመርፌ ሲጠቀጥቁኝ የማን ቄስ ተጠየቀ?" አሉ። "ያኔም ለቁንጅና ነው፣ አሁንም ለቁንጅና ነው። ያንቺ እንኳ አያምም። ቀቢው።"

ባለቤቴ ለእናቱ መልስ አይሰጥም፤ ሳቀና ወጣ። ልጄ ያን ሳቅ እንደ ፈቃድ ቆጥራው ይሆናል። አልፈርድባትም፤ ከእኛ የተሻለ መልስ አላገኘችም።

ለገና እህቴ ዘንድ ደብረ ብርሃን ሄደች። ስትመለስ አውቶቡስ ተራ ወጥቼ ተቀበልኳት። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ተከናንባለች፤ በእኛ ደጋ ብርድ የማይከናነብ ስለሌለ ምንም አልጠረጠርኩም። ቤት ገብታ ስትገለጥ መጀመሪያ ያየሁት ፊቷን ነው። እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ከዚያ ፀጉሯን አየሁ። ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፤ ወደ በሩ ስትዞር ግን ብርሃኑ ሲያገኘው ወይን ጠጅ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ያምራል ልላት ፈልጌ ከአፌ የወጣው ግን "አባትሽ ምን ይላል?" የሚል ሆነ።

አባቷ አመሻሽ ላይ ከገበያ ገባ። ተመለከታት፣ ዞሮም ከኋላ ተመለከታትና "የማን በግ ነሽ?" አላት። አማቴ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ለካስ በዚያው ሰሞን ሰበካ ጉባኤው የዘማሪዎችን የፀጉርና የጥፍር ነገር አንሥቶ ኖሯል፤ ከሁሉ የበለጠ የተናገረውም የእኔው ባል ነው። ቀለም የተቀባች ልጅ በጥምቀት ታቦት ፊት እንዳትዘምር ወስነዋል። እሱ ራሱ እጁን አውጥቶ ያጸደቀው ውሳኔ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ቤቱ ድረስ መጣለት።

ባለቤቴ ሲናደድ አይጮህም፤ ድምፁ ይቀንሳል። "ከጥምቀት በፊት ወይ ጥቁር ተቀቢ ወይ ተላጪ" አላት። "ይህን ይዘሽ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አትረግጪም።"

ልጄ ወደ አባቷ ቀረበች። "አባዬ፣ ኃጢአቱ ቀለም መቀባቱ ነው?"

"አዎ።"

"ጥቁሩም ቀለም ነው እኮ።"

ይህን ስትል ድፍረት አልነበረባትም፤ የምር ለመረዳት ነበር የጠየቀችው፤ እኔ የተማሪ ድምፅ አውቃለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ወንጌል ጠቀሰ። ቀጥሎ ሰው ምን ይላል አለ። እየቆየ ወንጌሉ ቀረና ሰው ምን ይላል ብቻ ተረፈ። ከዚያ እንድናገርለት ወደ እኔ ዞረ፤ ልጄም እንድናገርላት ወደ እኔ ዞረች። እኔ እራቱ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ተነሣሁ።

ያን ምሽት የተሰማኝን አስታውሳለሁ። መግቢያውን እንጂ መውጫውን የማላውቀው ቤት ውስጥ የቆምኩ ያህል ነበር። ባሌን ብደግፍ ልጄን ማጣቴ ነው። እዚህ አገር አባቷን የተቀየመች ልጅ ምን እንደምታደርግ አይቻለሁ፤ አንድ ቀን ጠዋት አውቶቡስ ትሳፈራለች፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዓረብ አገር፣ ከዚያ በበዓል ቀን በስልክ የምትሰማ ድምፅ ሆና ትቀራለች። በእኔ እጅ ፊደል ከቆጠሩት ልጆች ስንቶቹ እንዲህ ሄደዋል። ልጄን ብደግፍ ደግሞ ባሌ በደጀ ሰላም መቆሚያ ያጣል፤ እሱ ያለ ደጀ ሰላም ምንም እንዳልሆነ አውቃለሁ። የፈራሁት ግን ልጄን ማጣትን ነበር። ከዚያ በኋላ በሆነው ሁሉ ውስጥ የፈራሁት ያንኑ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የመስታወት ስባሪ ድንጋይ ላይ አስደግፋ የአባቷን ምላጭ ይዛለች። ከፊትና ከጎን ያለውን ጨርሳዋለች፤ ከማጅራቷ በላይ ያለው ብቻ እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። ወይን ጠጁ ፀጉር እግሯ ሥር ተከምሯል። አላለቀሰችም።

"ኋላዬ አልደርስ አለኝ" አለችኝ። "ጨርሺልኝ።"

በግማሽ የተላጨ ራስ ይዞ ሰው አይውልም። ምላጩን ተቀበልኳት። አባቴ የሞተ ጊዜ እኔም በእሷ ዕድሜ ነበርኩ። ሴቶች ይዘው አስቀመጡኝና እንደ ሐዘን ደንቡ ላጩኝ፤ ማንም ፈቃዴን አልጠየቀም፤ እኔም የሚጠየቅ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ከዚያ በፊት ልጅ ሳለሁ አናቴን እየላጩ ዙሪያውን ትተው ሳዱላ አድርገውኛል። ለሠርጌ ሹሩባ የሠሩኝም እነሱው ናቸው። የልጄን ማጅራት እየላጨሁ ሳስበው ፀጉሬ አንድም ቀን የራሴ ሆኖ አያውቅም። እሷ ቢያንስ ምላጩን ያነሣችው በገዛ እጇ ነው። ቀናሁባት፤ እየቀናሁባትም አለቀስኩ።

አባቷ ሲገባ አይቷት ደነገጠ። ጥቁሩን ትቀባለች ብሎ ነበር የጠበቀው። ምላጭ የሚለውን ቃል የተናገረው ለማስፈራሪያ ነው፤ ይህን አልነገረኝም፤ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ሳጥኑን ከፍቶ የራሱን የሱፍ ሻርፕ አወጣና አጠገቧ አስቀምጦላት ወጣ። አላነሣችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልጄ አፍ ቃል አልወጣም። የታዘዘችውን ትሠራለች፣ ትበላለች፣ ትምህርት ቤት ሄዳ ትመለሳለች፤ ስንጠይቃት ግን አትመልስም። መዝሙር ጥናትም ቀረች። አውቶቡስ ተራ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ከተሳፋሪው መካከል እሷን እፈልግ ጀመር።

በእኛ አገር ሴት ልጅ ራሷን የምትላጨው ወይ ስትመነኩስ ነው ወይ ሰው ሲሞትባት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የሚገርመው ከእኛ ቤት አንድም ሰው ትዝ አላለውም። እኛ ስንጨነቅ የሰነበትነው ስለ ቀለሙ ነው፤ ፀጉሩ ሲሄድ ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

ቅዳሜ ገብስ ልታስፈጭ ወፍጮ ቤት ላክኋት። ዱቄቱን አህያው ላይ ስትጭን ነጠላዋ ወደ ኋላ ወደቀ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ አዩ። ጎረቤታችን ቀረብ ብላ ማን እንደሞተባት ጠየቀቻት፤ ልጄ እንደ ሰነበተችው ዝም አለች። ሐዘንተኛ ዝም ሲል አይጨቀጨቅም፤ ቤቱ ነው የሚኬደው። ሴትየዋ እህሏን ሳታስፈጭ ለሌላ ሰው ሰጥታ ተነሣች።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ በበራችን ስትገባ ነው ያየኋት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ መርዶ ሲነግሩን አለመስማቷን፣ የአጥር ጎረቤት ሆና መቅረቷን እያነሣች ታለቅስ ጀመር። እኔ የምትለው በለቅሶ ተውጦብኝ የሞተባት እሷ መስላኝ አብሬያት አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔ ደግሞ የሰነበተ እንባ ነበረኝ፤ ወረደ። ከኋላዋ ሌሎቹ ገቡ። ከእነሱ ኋላ ባሎቻቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ። ንፍሮ የያዘች አለች፣ ጠላ ያስያዘች አለች። ነገሩ የገባኝ አንዷ የልጄን ራስ እያሻሸች ስትመርቃት ነው፤ ያን ጊዜ ቤቱ ሞልቷል።

ያኔውኑ መናገር ይገባኝ ነበር የሚል ካለ መጥቶ ይሞክረው። የራሱ ሐዘን መስሎት የሚያለቅስልህን ሰው አፍ ይዞ ሟች የለም፣ የፀጉር ጉዳይ ነው ማለት በአፍ ቀላል ነው። እኔ ቃሉን ስፈልግ ባለቤቴ ከበግ ተራ ደረሰ።

ደጁ ላይ ጋቢ የለበሱ ወንዶች ተሰልፈው ሲያይ ወዲያው በሐሳቡ የመጡት እናቱ ናቸው። ዱላውን ጥሎ "እናቴን" እያለ ሰው እየገፋ ገባ። አማቴ ሴቶቹ መካከል መደብ ላይ ተቀምጠው ንፍሮ ይበሉ ነበር።

"አለሁ" አሉት። "ምን ሆነሃል?"

ሰው ግን የሐዘን ብዛት ያዞረው ነው የመሰለው። ደግፈው አስቀመጡት። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጎንበስ ብለው ሟቹ የት ሆነው እንዳረፉ ጠየቁት። ባለቤቴ እኔን አየኝ፤ ቀጥሎ ልጁን አየ፤ ነጠላዋ ሥር ያለውን የተላጨ ራስ አየ። ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት። ዙሪያውን የተቀመጡት ያን ውሳኔ አብረውት ያጸደቁ ሰዎች ናቸው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ "መርሐ ቤቴ ነው" አለ። "ዓለም ከተማ። የአባቴ ወገን ናቸው።"

ከዚያች ቃል ወዲያ መመለሻ አልነበረም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሳላውቃቸው ለሞቱ ሰውዬ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ሰው ስለ ሟች መጠየቁ አይቀርም። ታመው ነው ወይ ይሉኛል፤ ድንገት ነው እላለሁ። ስንት ልጅ ተዉ ይሉኛል፤ መሬት መሬት አያለሁ፣ ሐዘን ነው ብለው ይተዉኛል። ዓለም ከተማ አማች አለኝ የሚል ሰው ተነሥቶ ስልኩን ይዞ ደጅ ወጣ፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ተመለሰ፤ ዘወትር መብራቱንም ኔትወርኩንም የማማርረው እኔ ያን ጊዜ ተመስገን አልኩ። አልቃሽ መጥታ ደግሞ ሰውዬውን ለጋስ አደረገቻቸው፣ ቀጥላ ጀግና አደረገቻቸው፣ በሁለተኛው ቀን ድልድይ አሠርተው ነበር ተባለ። አማቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ስንቱን ቀብሬአለሁ፤ ላልተወለደ ሰው ሳለቅስ ግን ይኼ መጀመሪያዬ ነው" አሉኝ። ሳቄ መጣ፤ በነጠላዬ ሸፍኜ ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ሴቶቹ አጽናኑኝ።

የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረም። ከእኛ ያነሰ ያላቸው ሰዎች የልጆቻቸውን ገብስ ቀቅለው ያመጡልናል። እምቢ ማለት አልችልም፤ እየተቀበልኩ እበላለሁ። ባለቤቴ በወንዶቹ መካከል እንደ በሬ ካራጁ ጋር እየዋለ ዓይኑን አያነሣም። ልጄ ደግሞ የተላጨ ራሷን በነጠላ ሸፍና ለመጣው ሁሉ እጅ ታስታጥባለች፣ ጠላ ትቀዳለች። ሰው ዝምታዋንም ራሷንም እያየ ይመርቃታል። ዘንድሮ ለሩቅ ዘመድ ማን ይላጫል ይላሉ። ሊቀመንበሩም ለባለቤቴ፣ የሌላው ልጅ ፀጉሩን በቀለም ሲያበላሽ የእሱ ልጅ የአባቶችን ደንብ እንዳልረሳች፣ ልጅ ማሳደግ እንዲህ እንደሆነ በሰው ፊት ነገሩት። ባለቤቴ እግዜር ይስጥልኝ አለ። የልጄን ፊት አየሁ። ማሰሮውን ይዛ አባቷን ትመለከት ነበር። ያን ጊዜ ይህች ልጅ ሄደችብኝ አልኩ በልቤ። ገና ከቤቴ ሳትወጣ ሄደችብኝ።

የንስሐ አባታችን ለዘመድ ጉዳይ ራቤል ሄደው ስለነበር የደረሱት በሣልስቱ ጠዋት ነው። የሰሙትን ሰምተው በቀጥታ ወደ እኛ መጡ። ሰው ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ፤ ጧፍ በራ። እሳቸው መጽሐፋቸውን ከማኅደሩ አውጥተው ቦታውን ከፈቱና ቀና አሉ።

"የሟቹን ክርስትና ስም ንገሩኝ።"

ይህን አላሰብንም ነበር። ለሟች ጸሎት ሲደረስ የሚነሣው ሰው የሚጠራበት ስም አይደለም፤ ሲጠመቅ የወጣለት ስም ነው፤ ያን ደግሞ ቤተሰብና የንስሐ አባት እንጂ ሌላ ሰው ብዙ አያውቀውም። ባለቤቴ ለሰው መዋሸት ችሏል። ለእግዚአብሔር የሚነሣ ስም ግን ከየት ያምጣ? የሌለ ስም ቢሰጥ ሐሰት ነው፤ ያለ ሰው ስም ቢሰጥ ከዚያ የባሰ ነው። እኔን አየኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እያልኩ ሳማው የሰነበትኩት እኔም ላስጥለው አልቻልኩም። መሬት መሬት አየሁ።

"ስሙን ካላወቃችሁ በማን ላንሣው?" አሉ የንስሐ አባታችን።

ልጄ ከበሩ አጠገብ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ ቆማ ነበር። ራሷን ከተላጨች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ሰማሁ። ስም ተናገረች። የራሷን ክርስትና ስም።

ከተቀመጡት መካከል አንዱ ሟቹ ሴት ናቸው እንዴ ብሎ አጠገቡ ያለውን በሹክሹክታ ጠየቀ። ሌላው ምንም አልገባውም። የገባን ለእኛ ለአራታችን ነው፤ ለእኔ፣ ለባሌ፣ ለአማቴና ለንስሐ አባታችን። በሰማንያ ቀኗ ያጠመቋት፣ ያን ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ወደ በሩ ዞረው ትክ ብለው አዩዋት። ነጠላዋን አወረደችው፤ ራሷን አዩ። ከዚያ ጣታቸውን የተከፈተው መጽሐፍ ላይ እንዳሳረፉ ወደ ባለቤቴ ተመለሱ።

"ልጀምር?" አሉት።

ሰው ሁሉ ጸሎቱን ይጠብቃል። አዎ ቢል ሰው አሜን ብሎ ይነሣል፣ ለቅሶው ያበቃል፣ የእሱም ስም አይጠፋም። የሚጠየቀው ለልጁ ጸሎተ ፍትሐት ይደረስላት ወይ ብሎ መሆኑን ያውቃል። ባሌ ያን ጊዜ ያመነታው ለትንሽ ጊዜ ነው፤ እኔ ግን ከዚያች ትንሽ ጊዜ እስካሁን አልወጣሁም።

"አይጀምሩ፣ አባታችን" አለ። ተነሣና ጋቢውን ከራሱ አወረደ። "አልሞተችም። የሞተብን የለም። ያቺ ልጄ ናት፤ ፀጉሯን ቀለም ብትቀባ እኔ ነኝ ያስላጨኋት።"

የሆነ ሰው ከልማድ የተነሣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ አለ። ከዚያ አንድ በአንድ እየተነሡ ወጡ። ሊቀመንበሩ ከባለቤቴ ጋር ሳይተያዩ አለፉ። ጎረቤቴ ሳህኗን እንኳ አላነሣችም፤ ለብዙ ሳምንት ሰላምታ ነሥታኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። የንስሐ አባታችን መጽሐፋቸውን ዘግተው፣ ያን ጊዜ መስቀል ተሳልማ ስትጠይቃቸው መመለስ የነበረባቸው እሳቸው እንደነበሩ ተናግረው ለልጄ መስቀላቸውን ዘረጉላት። ተሳለመች። ማስታጠቢያውን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ሄደች። አማቴ ነጠላቸውን አቃንተው ለበሱና ንፍሮው ለማን እንደሚሰጥ ጠየቁኝ።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ባለቤቴ ከሰበካ ጉባኤው ወጥቷል፤ ወጣ መባሉ ወይም አወጡት መባሉ እንደ ተናጋሪው ነው። ልጄ አውቶቡሱን አልተሳፈረችም። ትናገራለች፣ ከዐቢይ ጾም በኋላ ወደ መዝሙርም ተመልሳለች፤ ፀጉሯ ትከሻዋን አልፏል፣ ጥቁር ነው። ክርስቲያን ወላጅ ልጁ ቀለም እንድትቀባ መፍቀድ አለበት ወይ ብለው አንዳንድ እናቶች እኔን ይጠይቁኛል፤ የተማርኩበት መስሏቸው ነው። እኔ የማውቀው ቶሎ መልስ መስጠት እንደሚገባ ብቻ ነው። እኔና አባቷ ተነጋግረን፣ ዳግመኛ ስትጠይቀን ሁለታችንም አንድ ላይ እሺ ልንላት ከተስማማን ቆየን። እሷ ግን አልጠየቀችንም። ስለ ቀለሙ ብቻ አይደለም፤ ስለ ጫማም፣ ስለ ጓደኛም፣ ትምህርቷን ስትጨርስ የት እንደምትሄድም አትጠይቀንም። የምንሰጣትን ትቀበላለች፣ ታመሰግናለች።

ባለፈው ሳምንት ከመስታወቱ ፊት ቆማ ፀጉሯን ስታበጥር አገኘኋትና ያን ጊዜ ከአፌ ያልወጣውን አወጣሁት። ወይን ጠጁ ያምርብሽ ነበር አልኳት። ከፈለግሽ አብረን ደብረ ብርሃን እንሂድ፣ አባትሽም ፈቅዷል አልኳት። ማበጠሪያዋን ይዛ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። ቁጣ አልነበራትም።

"እስቲ ይቆይ" አለችኝ።